የግራፍን ቅርጽ በቶፖሎጂ ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። የቶፖሎጂ ዳታ ትንተናን (የዳታን ቅርጽ ማጥናትን) ከተማሪዎቼ ጋር መቆፈር ከጀመርኩ ወዲህ ጥያቄ አልጠፋም። አንዳንዱ ከክፍል፣ አንዳንዱ ከሻይ ቤት ይመጣል። ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዎቹን ሆን ብዬ ከጎጃም ወስጃለሁ። መንገዱን በእግሩም በመኪናም የሚያውቅ ሰው ሒሳቡን ቶሎ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግራፍ ሲባል ያ ከፍ ዝቅ የሚለው መስመር ነው?

አይደለም። ያኛው ትምህርት ቤት የለመድነው የኤክስና የዋይ ግራፍ ነው። እዚህ ግራፍ የምንለው ነጥቦችንና እነሱን የሚያገናኙ መስመሮችን ነው። ነጥቡ ከተማ፣ መስመሩ መንገድ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ሰው፣ መስመሩ ትውውቅ ሊሆን ይችላል።

የቅኔ መምህርንና ደቀ መዝሙሩን በመስመር ብናያይዝ እሱም ግራፍ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከአንድ መምህር ብቻ ቢማር ኖሮ ሥዕሉ ዛፍ ይመስል ነበር። የቆሎ ተማሪ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሁለት ጓደኛሞች ዋሸራ አብረው ይማራሉ። ኋላ ጎንጅ ወርደው ከሌላ መምህር እግር ሥር እንደገና ይገናኛሉ። ያኔ ዛፉ ላይ ቀለበት ይፈጠራል። የዚህ ገጽ ጉዳይ በአብዛኛው ይህ ቀለበት ነው።

ነገሩን የጀመረው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1736። ኮኒግስበርግ በምትባል ከተማ (ዛሬ ካሊኒንግራድ) 7 ድልድዮች ነበሩ። ሰባቱንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መዞር ይቻላል ወይ ተባለ። ኦይለር የወንዙን ስፋትም የድልድዩን ርዝመትም ተወው። የያዘው ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ብቻ ነው። ከአራቱ የመሬት ክፍሎች እያንዳንዱን የሚነኩት ድልድዮች ቁጥር ጎዶሎ ሆነ። ስለዚህ አይቻልም አለ።

ቶፖሎጂስ ምን ይጨምራል?

ቶፖሎጂ ሲለጠጥና ሲታጠፍ የማይጠፋውን ቅርጽ ያጠናል። ቦምቦሊኖን ሊጡ ሳለ ጎትቱት፣ አጣሙት። ካልቆረጣችሁት ወይም ካልደፈናችሁት በቀር ቀዳዳው አይጠፋም። ክብ ዳቦ ደግሞ ምንም ብታጣምሙት ቀዳዳ አያወጣም። ይህን ልዩነት በቁጥር መያዝ ይቻላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖይንካሬ በ1895 መሠረቱን ሲጥል ቁጥሮቹን በጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቤቲ ስም ሰየማቸው። እኛም ቤቲ ቁጥር እንላቸዋለን።

ለግራፍ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ቤቲ ዜሮ ግራፉ ስንት ቁራጭ እንደሆነ ይነግረናል። ቤቲ አንድ ስንት ራሱን የቻለ ቀለበት እንዳለው ይነግረናል።

እንዴት ይቆጠራል? ከባድ ነው?

መደመርና መቀነስ የሚችል ሰው ይችለዋል። ከመስመሮቹ ቁጥር ላይ የነጥቦቹን ቁጥር ቀንሱ፤ ከዚያ የቁራጮቹን ቁጥር ደምሩ። የቀለበቶቹ ቁጥር ይኸው ነው።

የጎጃምን ዋና ዋና መንገዶች እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ ባሕር ዳር። ከባሕር ዳር በሌላው ወገን ወደ ሞጣ፣ ከሞጣ ብቸና፣ ከብቸና በደጀን በኩል ዞሮ ደብረ ማርቆስ። ለማቅለል ደጀንን ለጊዜው እንደ ነጥብ አልቆጥረውም። ጥቃቅን መንገዶችንም ትቻለሁ።

8 ከተማ፣ 8 መስመር፣ 1 ቁራጭ። 8 ሲቀነስ 8፣ ሲደመር 1 ይሆናል 1። አንድ ቀለበት አለ።

ቀለበቱ መሀል ምን አለ? ጮቄ ተራራ። መንገዱ ለምን ለሁለት ተከፍሎ ባሕር ዳር ላይ እንደሚገናኝ ቁጥሩ አያውቅም። የሚያውቀው መሀል ላይ ቀዳዳ መኖሩን ነው። ይህን ለክፍል ሳሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ተማሪው ተራራውን ከመስኮት እያየ ቁጥር 1 ሰሌዳ ላይ ይወጣል።

አሁን ጮቄን አቋርጦ ደብረ ማርቆስን ከሞጣ የሚያገናኝ መስመር ጨምሩ። 9 ሲቀነስ 8 ሲደመር 1፣ ሁለት ሆነ። ትልቁ ቀዳዳ ለሁለት ተከፈለ።

እንዲህ ከሆነ ተራ ቆጠራ ነው። ምን የተለየ ነገር ያሳያል?

ሁለት ግራፎች ሣሉ። በመጀመሪያው 6 ነጥቦች በአንድ ክብ ይያያዙ። በሁለተኛው 6 ነጥቦች ሁለት የተነጣጠሉ ሦስት ማዕዘኖች ይሥሩ። በሁለቱም 6 ነጥብ አለ። በሁለቱም 6 መስመር አለ። በሁለቱም እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጎረቤት አለው። ጎረቤቶቹም ሁለት ሁለት ጎረቤት አላቸው።

በሰፈር ደረጃ እየጠየቃችሁ ብትሄዱ ሁለቱን አትለዩም። በቫይስፋይለርና በሌማን ስም የሚጠራው ዝነኛ የግራፍ መለያ ዘዴም በቀላሉ መልኩ እነዚህን ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መልእክት እያቀበሉ የሚማሩት የዛሬዎቹ የግራፍ ኒውራል ኔትወርኮችም በመሠረታዊ መልካቸው ያው ገደብ አለባቸው። ቤቲ ቁጥር ግን ወዲያው ይለያቸዋል። የመጀመሪያው አንድ ቁራጭና አንድ ቀለበት ነው፤ ሁለተኛው ሁለት ቁራጭና ሁለት ቀለበት።

ጎረቤትን ብቻ መጠየቅ ስለ ሰፈር ይነግራል። ስለ አጠቃላዩ ቅርጽ ግን ላይነግር ይችላል። ለዚህ ነው ዘርፉን የወደድኩት።

ፐርሲስተንት ሆሞሎጂ የሚባለው ነገር ነው ያልገባኝ። በቀላሉ ይብራራልኝ።

በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

ቤቲ ቁጥር ግራፉን የሚያየው አንድ ጊዜ፣ በደረቁ ነው። በእውነተኛ ዳታ ግን ነጥቦቹ ወይም መስመሮቹ ቁጥር ይይዛሉ፤ ርቀት፣ ከፍታ፣ የስልክ ጥሪ ብዛት። እነዚህን መጣል ያሳዝናል። ኤደልስብሩነር፣ ሌቸርና ዞሞሮዲያን በ2002 ያሳተሙት ሐሳብ መፍትሔ አመጣ። ግራፉን በአንድ ጊዜ አትሥራው፤ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ገንባው፣ ቁራጭና ቀለበት መቼ እንደሚወለድና መቼ እንደሚሞት መዝግብ። ይህ ቀስ በቀስ የሚገነባው ተርታ ፊልትሬሽን፣ ልደትና ሞቱን መመዝገቡ ደግሞ ፐርሲስተንት ሆሞሎጂ ይባላል።

በኖኅ ዘመን እንደነበረው ጎጃም በሙሉ በውኃ ተሸፈነ እንበል። ውኃው እየጎደለ ይሄዳል። ከተሞቹ እንደየከፍታቸው ብቅ ይላሉ። ሁለት ተያያዥ ከተሞች ሁለቱም ከወጡ በመካከላቸው ያለው መስመርም ይወጣል። ከፍታዎቹ በሜትር ናቸው፣ በግምት።

በ2560 እንጅባራ ብቻዋን ትወጣለች። አንድ ደሴት ተወለደ።

በ2540 ብቸና ትወጣለች። ከእንጅባራ ጋር ቀጥታ አትያያዝም። ሁለተኛ ደሴት ተወለደ።

በ2490 ሞጣ ትመጣና ከብቸና ጋር ትቀላቀላለች። በ2450 ደብረ ማርቆስም በደጀን በኩል እዚያው ትገባለች። በእንጅባራ ወገን ደግሞ ዳንግላ በ2140፣ ቡሬ በ2090 ይጨመራሉ። እስካሁን ሁለት ደሴት ነው። አንዱ የአዊ ደጋ፣ ሌላው የጮቄ ምሥራቅና ደቡብ።

በ1900 ገደማ ፍኖተ ሰላም ትወጣለች። በአንድ እጇ ቡሬን፣ በሌላው ደብረ ማርቆስን ትይዛለች። ሁለቱ ደሴቶች አንድ ሆኑ። እዚህ ላይ የታላቅና የታናሽ ደንብ አለ። ቀድሞ የተወለደው ይቀጥላል፤ ዘግይቶ የተወለደው እንደሞተ ይቆጠራል። ታላቁ የእንጅባራ ደሴት ነው። የብቸና ደሴት ከ2540 እስከ 1900 ኖሮ ሞተ። ዕድሜው 640 ሜትር ነው። የከተማዋ ስም የሰላም መንገድ ማለት መሆኑ ይህን ምሳሌ ይበልጥ አስወድዶኛል።

በ1800 ባሕር ዳር የመጨረሻዋ ትሆናለች። ዳንግላና ሞጣ ሁለቱም አሁን እዚያው ደሴት ላይ ናቸው። ስለዚህ የሚቀላቀል አዲስ ነገር የለም። ይልቁንስ ቀለበቱ ተዘጋ። የጮቄ ቀለበት የተወለደው ባሕር ዳር ላይ ነው።

እያንዳንዱን ዕድሜ በአግድም መስመር ብትሥሉት ሸቀጥ ላይ የምናየውን ባርኮድ ይመስላል። ስሙም ባርኮድ ነው። የእኛ ባርኮድ ሦስት መስመር ብቻ አለው፦ የማያልቀው የእንጅባራ፣ የ640 ሜትሩ የብቸና፣ እና በ1800 ተወልዶ የማይሞተው ቀለበት። ከተሞቹ ምን ያህል እንደተራራቁ ሳንነግረው፣ ሁለት ደጋ እንዳለ፣ ፍኖተ ሰላም በመካከላቸው ያለች ዝቅ ያለች በር እንደሆነች፣ ባሕር ዳር ደግሞ ዙሪያውን የምትዘጋ እንደሆነች ነገረን።

ከፍታው ላይ ትንሽ ብንሳሳትስ? ሁሉም ነገር አይበላሽም?

አይበላሽም። ኤደልስብሩነርና ባልደረቦቹ በ2007 ያሳተሙት የመረጋጋት ቲዎረም አለ። እያንዳንዱ ከፍታ ቢበዛ በ20 ሜትር ቢሳሳት የባርኮዱ መነሻዎችና መድረሻዎች ከ20 ሜትር በላይ አይንቀሳቀሱም። ከ40 ሜትር ያነሰ ዕድሜ ያለው መስመር ሊጠፋ ወይም አዲስ ሊመጣ ይችላል። የብቸናው 640 ግን ትንሽ ቢረዝም ወይም ቢያጥር እንጂ አይጠፋም። ረጅሙን መስመር እንመን፣ አጭሩን እንጠርጥር የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። እኔ ግን አጭሩን ዝም ብላችሁ አትጣሉት እላለሁ። አንዳንዴ የዳታው ወሬ ያለው ብዙ አጫጭር መስመሮች ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ቲዎረሙ የሚጠብቀን ከቁጥር ስሕተት ነው። አንድ መስመር ጭራሽ ከጎደለ አይጠብቀንም። ከባሕር ዳር ሞጣ ያለውን መንገድ መመዝገብ ብንረሳ ቀለበቱ የለም። በቃ።

ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ አለው ወይስ የለውም?

ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በእናንተ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሦስት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንደኛዋ ከሁለተኛዋ ጋር ቡና ትጣጣለች። ሁለተኛዋ ከሦስተኛዋ፣ ሦስተኛዋ ከአንደኛዋ። ግራፉ ሦስት ነጥብና ሦስት መስመር ነው። አሁን ጠይቁ፦ ሦስቱ አንድ ጀበና ዙሪያ ተቀምጠው ያውቃሉ? አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አብረው ከጠጡ ሦስት ማዕዘኑ የተሞላ ነው፤ ቀዳዳ የለውም። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ብቻ ከሆነ የሚገናኙት፣ መሀሉ ባዶ ነው። ወሬው ይዞራል፣ ግን አንድ ላይ አልተወራም።

ተራ ግራፍ ይህን ልዩነት አይመዘግብም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ክሊክ ኮምፕሌክስ የሚባለውን እንሠራለን። ሁሉም እርስ በርስ የተያያዙ ከሆነ ሞልተናቸዋል ብለን እንቆጥራለን። ሦስት ከሆኑ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ከሆኑ አራት ፊት ያለው ጠጣር። ያኔ የሚቀሩት ቀዳዳዎች ትልልቆቹ ብቻ ናቸው። ለመንገድ ግን ይህን አልመክርም። ሦስት ከተሞች በሦስት መንገድ ስለተያያዙ መሀላቸው ያለው ገደል አይሞላም። ለሰዎች ግንኙነት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። የቡናውን ጥያቄ ሄዶ መጠየቅ ከተቻለ ደግሞ ከግምት እሱ ይሻላል።

ሁሉንም ግራፍ ይለያል?

አይለይም። ማንኛውም ዛፍ አንድ ቁራጭና ዜሮ ቀለበት ነው። አምስት ነጥብ ተርታ ቢሰለፍም፣ አራቱ አንዱን መሀል እንደ ኮከብ ቢከቡትም ቤቲ ቁጥሩ ያው ነው።

ፊልትሬሽን ስንጨምር ግን ይለያያሉ። ነጥቦቹን በጎረቤት ብዛት፣ ከትንሹ ጀምረን እናስገባ። በመጀመሪያ ባለ አንድ ጎረቤቶቹ ይገባሉ። ተርታው ላይ ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ ሁለት ቁራጭ፣ ደረጃ 2 ላይ አንድ ይሆናሉ። ኮከቡ ላይ አራቱ ጫፎች ናቸው፤ አራት ቁራጭ፣ መሀለኛው እስኪመጣ እስከ ደረጃ 4 ይጠብቃሉ። ባርኮዳቸው አይመሳሰልም።

ስለዚህ ሥራው ያለው ፊልትሬሽኑን መምረጥ ላይ ነው። ከፍታ ልጠቀም፣ ርቀት፣ የጎረቤት ብዛት? ሶፍትዌሩ ይህን አይመርጥላችሁም። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው የሚመርጠው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የት ላይ ነው?

የኛን ስሕተት ልንገራችሁ፤ ለአማርኛ ዳታ ሠራተኛ ሁሉ ይጠቅማል።

አንድ ሴሚስተር ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን መንገድ በዝርዝር ጽፈው አመጡ። አንድ ላይ አድርገን ፕሮግራሙን አስኬድነው። የጮቄ ቀለበት የለም አለ። ቤቲ አንድ ዜሮ። ኮዱን ቀኑን ሙሉ መረመርነው። ኮዱ ምንም አላጠፋም።

አንዱ ተማሪ «ባሕር ዳር» ብሎ ጽፏል፣ ሌላው «ባህር ዳር»። ለኛ አንድ ከተማ ነው። ለኮምፒውተሩ ሁለት። የዳንግላ መንገድ አንዱ ላይ፣ የሞጣው ሌላው ላይ አረፈ። 8 መስመር ሲቀነስ 9 ነጥብ ሲደመር 1፣ ዜሮ። አንዲት ሐ ቀለበቱን በጠሰችው። እንጅባራንም አንዱ «ኮሶበር» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ግራፉ ለሁለት ቁራጭ ይከፈል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ሒሳብ በፊት ፊደሎቹን አንድ እናደርጋለን። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ። ሰና ሠ ወደ አንድ። አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። «ፍኖተሰላም» እና «ፍኖተ ሰላም» ላይ ያለውን ክፍት ቦታም እናያለን። የአንድ ከተማ ሁለት ስም ካለ ዝርዝር ይዘን እናዛምዳለን። ቤቲ ቁጥር ይህን ስሕተት ስላጋለጠልን አመሰግነዋለሁ። አማካይ ብናወጣ ኖሮ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር።

ምን ዓይነት ኮምፒውተርና ፕሮግራም ያስፈልጋል?

ለቁራጭና ለቀለበት ብቻ ከሆነ ያረጀ ላፕቶፕ ይበቃል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ኔትወርክኤክስ ግራፉን ይይዝላችኋል። ለባርኮድ በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም ኢንሪያ የተጀመረው ጉዲ አለ፤ የኡልሪክ ባወር ሪፕሰርም በጣም ፈጣን ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኢንተርኔት ባለበት አንዴ አውርዶ ከዚያ ያለ ኔትወርክ መሥራት ይቻላል።

የሚያስቸግረው ክሊክ ኮምፕሌክስ ነው። 100 ነጥቦች ሁሉም እርስ በርስ ቢያያዙ 4,950 መስመር አለ። ሦስት ማዕዘኖቹ 161,700 ይሆናሉ። አራት አራት ሲሆኑ 3,921,225። ላፕቶፑ እዚህ ላይ ይንቃቃል። ቀለበት ብቻ ከፈለጋችሁ ሦስት ማዕዘን ላይ አቁሙ።

መምህር፣ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል?

ብቻውን አይሆንም ብዬ ነው የምመልሰው። ከሊኒየር አልጀብራና ከፓይተን ጋር ሲሆን ግን ይሆናል። የአንጎል ሴሎችን ትስስር የሚያጠኑ ይጠቀሙበታል። የመድኃኒት ሞለኪውል የሚመረምሩም እንዲሁ፤ ሞለኪውል ራሱ ግራፍ ነውና። አቶሙ ነጥብ፣ ትስስሩ መስመር። ቡናችን ውስጥ ያለውን ካፌይን ውሰዱ። 24 አቶም፣ ድርቡን ትስስር አንድ ብለን ስንቆጥር 25 ትስስር። 25 ሲቀነስ 24 ሲደመር 1፣ ሁለት። በእርግጥም ካፌይን ሁለት የተጣበቁ ቀለበቶች አሉት።

ዓባይ ጎጃምን ይከባል ይባላል። ታዲያ ቀለበት ነው?

ወንዙ ብቻውን አይደለም። ሰከላ ከግሽ ዓባይ ይነሳል፣ ወተት ዓባይ ላይ የዳንግላን መንገድ ያቋርጣል፣ ጣና ይገባል፣ ባሕር ዳር ይወጣል፣ ምሥራቁን ዞሮ በረሃው ድልድይ ዘንድ ይደርሳል። ጣናን የመስመሩ አካል ካደረግነው 4 ነጥብ፣ 3 መስመር። ቀለበቱ ዜሮ ነው። ዞረ እንጂ አልተዘጋም።

መንገዱን ስትጨምሩ ግን ነገሩ ይቀየራል። ቀድሞ የያዝናቸው 8 ከተሞች ላይ ደጀንን፣ የበረሃውን ድልድይ፣ ወተት ዓባይንና ግሽ ዓባይን ጨምሩ። 12 ነጥብ ሆነ። ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርደውን ጨምሮ መንገዱንና ወንዙን አንድ ላይ ስትቆጥሩ 14 መስመር ይወጣል። 14 ሲቀነስ 12 ሲደመር 1፣ ሦስት ቀለበት። አንዱ ጮቄን የከበበው ነው። አንዱ በወተት ዓባይ፣ በጣናና በባሕር ዳር መካከል ያለው ነው። ሦስተኛው በሞጣ መንገድና በዓባይ መካከል ያለው ረጅም የምሥራቅ ጎጃም ምድር ነው፤ መርጡለ ማርያም እዚያ ውስጥ ናት።